ዝምተኛዋ ልጅ ደህና ናት?

ድባቴ (ዲፕሬሽን) በልጅነት ዕድሜ በወንዶችና በሴቶች ላይ የሚታየው በተቀራራቢ መጠን ነው፤ ከጉርምስና መግቢያ ጀምሮ ግን ልዩነቱ እየሰፋ ሄዶ በሴቶቹ ላይ ሁለት እጥፍ ያህል ይሆናል። ሆርሞን ድርሻ ቢኖረውም በዚያ ዕድሜ የሚለወጠው የልጅቷ ሰውነት ብቻ ሳይሆን ቤቱና ሰፈሩም ጭምር ነው፤ ትናንት ከወንድሟ ጋር ኳስ ስትጫወት የነበረች ልጅ ዛሬ "አርፈሽ ተቀመጪ" ትባላለች፣ በመንገድ ላይ የሚለክፏት ይበዛሉ፣ ዘግይታ ስትገባ ቁጣው የሚወርደውም በእሷው ላይ ነው።

እናት ወደ ቤሩት ወይም ወደ ሪያድ ለሥራ በሄደችበት ቤት ሸክሙ የባሰ ይከብዳል። ታላቋ ልጅ ሊጥ አቡክታ፣ ታናናሾቿን አብልታና አስተኝታ ደብተሯን የምትገልጠው እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ነው፤ እናቷ ስትደውል ደግሞ "ደህና ነን፣ አታስቢ" ትላለች። ጎረቤቱም "ጨዋ፣ ጭምት ልጅ" እያለ ያመሰግናታል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ምስጋና ነው፤ የከፋው ወንድ ልጅ ሲደባደብ ወላጅ ይጠራል፣ የከፋት ሴት ልጅ ግን ሥራዋን ሳታጓድል በውስጧ ስለምትብሰለሰል ማንም ልብ አይላትም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሱዛን ኖለን ሆክሴማ እንዳሳዩት፣ በሐዘን ጊዜ ያንኑ ሐሳብ ደጋግሞ ማውጠንጠን ድባቴን ያባብሳል፣ ያራዝማልም፤ ልማዱም በሴቶች ላይ ይበረታል። "ቻይው" የሚለው ምክራችን የሚገፋት ወደዚያው ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወድቃ ቤት ለዋለች ልጅ ትዳር ወይም ዓረብ አገር ይጠቆምላታል እንጂ ውድቀቱ የእሷ ብቻ አለመሆኑን የሚነግራት እምብዛም የለም።

እንዲህ ያለች ልጅ ብዙ ጊዜ "ከፋኝ" አትልም፤ ራሷን እንዳመማት፣ ሆዷን እንደሚቆርጣት፣ እንቅልፍ እንቢ እንዳላት ነው የምትናገረው፤ ጤና ጣቢያ ብትሄድም ማስታገሻ ተሰጥቷት ትመለሳለች። መከፋቱ ወይም ከምትወደው ነገር መራቋ ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን የጤና ባለሙያው ስለ ሆድ ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ስለ ስሜቷም፣ ወላጅ በሌለበት፣ ሊጠይቃት ይገባል። ጸበል የምትጠመቅም ብትሆን ሕክምናው አብሮ ሊሄድ ይችላል። መሞት ተመኝታ እንደሆነ በግልጽ መጠየቅም ሐሳቡን በአእምሮዋ ውስጥ አይተክልም፤ ብዙዎች የሚናገሩት ሲጠየቁ ነው።