ጫጩት መቁጠር ወንዝ አያድንም

ሥነ ሥርዓቱ በየትኛውም አገር አንድ ዓይነት ነው። ባለሥልጣኑ ባልዲውን ያዘነብላሉ፣ ፎቶ አንሺው ጎንበስ ይላል፣ ጣት የሚያክሉ የዓሣ ጫጩቶች ወደ ወንዙ ይፈስሳሉ። በማግስቱ ዜናው ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ ይህን ያህል መቶ ሺህ ጫጩት ተለቅቋል፣ ወንዙም ሊያገግም ነው። ጫጩቶቹ የየትኛው ወንዝ ዘር ናቸው? ስንት እናትና ስንት አባት ነበሯቸው? ከነባሮቹ ዓሦች ጋር ሲዳቀሉ ምን ይወለዳል? ይህን ጠይቆ የጻፈ ዘገባ ማግኘት ብርቅ ነው። በእኔ እምነት ግን መልሱ ሳይታወቅ ባልዲው መዘንበል የለበትም።

ነገሩ የሚጀምረው ከወንዝ ቅርጽ ነው። ወንዝ ከላይ ሲያዩት ዛፍ ይመስላል፤ ዋናው ወንዝ ግንዱ፣ ገባሮቹ ቅርንጫፎቹ ናቸው። ከአንዱ ገባር ወደ ጎረቤቱ መሻገር የፈለገ ዓሣ አቋራጭ የለውም፤ እስከ ግንዱ ወርዶ በሌላው ቅርንጫፍ መውጣት ግድ ይለዋል። መሐል ላይ ትልቅ ፏፏቴ ካለ ደግሞ የወረደ አይመለስም። ስለዚህ በካርታ ላይ ጎን ለጎን የሚታዩ ሁለት ጅረቶች ዓሦቻቸው ለሺህ ዓመታት ሳይገናኙ ሊኖሩ ይችላሉ። ወንዞችና ሐይቆች ከምድር ገጽ 1 በመቶ ያህሉን እንኳ ሳይሸፍኑ ከዓሣ ዝርያዎች ግማሽ ገደማውን የያዙት አንድም በዚህ መነጣጠል ምክንያት ነው። ይኸው መነጣጠል በአንድ ዝርያ ውስጥም ሥራውን ይሠራል። በወንዝ ተወልዶ በባሕር የሚያድገው ሳልመን የተባለ ዓሣ እንዲያውም መለየቱን ራሱ የሚመርጥ ይመስላል፤ ተመራማሪው አርተር ሃስለር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ ከባሕር ሲመለስ የተወለደበትን ጅረት በማሽተት ለይቶ እዚያው ይራባል።

ታዲያ የሁለት ጅረት ዓሦች ሁለቱም ሳልመን ከሆኑ ልዩነቱ ምን ይጠቅማል? በካናዳ የፍሬዘር ወንዝ የሚራቡ፣ ሶካይ በተባሉ የሳልመን ዓይነቶች ላይ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። ረጅምና ቀጥ ያለ አቀበት የሚወጡት መንጋዎች አቀበቱ ከሚቀልላቸው የበለጠ ትልቅ ልብ አላቸው። የሚችሉት የውኃ ሙቀትም እንደየመንገዳቸው ይለያያል። የዝቅተኛውን ገባር ዓሣ አንስቶ ለላይኛው መስጠት እንግዲህ የሜዳ ሯጭን ለተራራ መውጫ መመልመል ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ አላስካ ውስጥ ብሪስቶል ቤይ አለ። እዚያ ሶካይ ሳልመን የሚራባው በብዙ ወንዞችና በመቶዎች በሚቆጠሩ መንጋዎች ተከፋፍሎ ነው። ገሚሱ ጨው በሌለው ውኃ አንድ ዓመት፣ ገሚሱ ሁለት ዓመት ይቆያል፤ በባሕር የሚያሳልፉትም ዘመን ይለያያል። ተመራማሪው ዳንኤል ሺንድለርና ባልደረቦቹ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ የተጠራቀመ መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳዩት፣ ይህ ሁሉ መንጋ አንድ ወጥ ቢሆን ኖሮ የዓሣው ዓመታዊ መዋዠቅ አሁን ካለው 2.2 እጥፍ ይሆን ነበር፤ የማስገር ሥራውም አሥር እጥፍ በበለጠ ድግግሞሽ ይዘጋ ነበር። ለአንዱ ገባር መጥፎ የሆነው ዓመት ለሌላው መልካም ይሆናል። አስጋሪው ይህን ባያውቀውም የሚበላው ከዚህ ልዩነት ነው።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ፣ የዘረመል ተመራማሪዎችም የሚለቀቁት ጫጩቶች የሚፈለፈሉባቸውን ማራቢያ ማዕከላት ሲጎረጉሩ ያላሰቡት ነገር ወጣ። ኒልስ ሪማንና ሊንዳ ላይክሬ እ.ኤ.አ. በ1991 ያቀረቡትን ስሌት በምሳሌ ላስረዳ። በወንዙ 500 ወላጅ ዓሦች አሉ እንበል። ማዕከሉ ደግሞ 10 ወላጆችን ወስዶ ያራባል። በማዕከሉ ጫጩቶች እንደ ወንዙ ብዙ አይሞቱምና የሚቀጥለው ትውልድ ግማሹ የእነዚያ የ10ሩ ልጆች ሆነ። ቆጣሪው ወንዙ ሞላ ይላል። በዘር ሚዛን ሲታይ ግን ያ ወንዝ 39 ያህል ወላጆች ብቻ እንዳሉት ወንዝ ሆኗል። ዓሣው በዝቶ ዘሩ ከሳ ማለት ነው። ይህን ስሌት መጀመሪያ ሳየው ስህተት መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ።

የጥራቱ ጉዳይም አለ። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ በሁድ ወንዝ፣ ስቲልሄድ በተባለው ዓሣ ላይ የልጆቹን ወላጆች በዘረመል ምርመራ እየለየ የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቶ ነበር። ውጤቱ አስደንጋጭ ነው፤ ዓሣው በማዕከል ባደገ ቁጥር፣ በተፈጥሮ ወንዝ ልጅ የማፍራት አቅሙ በእያንዳንዱ ትውልድ 40 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በገንዳ ውስጥ የተሳካለት ዓሣ ማለት መኖ ሲበተን ቀድሞ የሚደርስ ነው። ወንዝ መኖ አይበትንም።

ማራቢያ ማዕከል ሁሉ ይዘጋ እያልኩ አይደለም። ሊጠፋ ጥቂት የቀረው መንጋ ሌላ መሸሸጊያ ላይኖረው ይችላል፤ ያኔ ከራሱ ከወንዙ ወላጆችን መርጦ፣ በተቻለ መጠን ብዙ አድርጎ፣ ለአጭር ጊዜ ማራባት ያስኬዳል። በሌላ በኩል፣ መሰናክል አንስቶ ለዓሣ መንገድ መክፈትም ሁልጊዜ መልካም አይደለም። በስሎቬኒያ የሶቻ ወንዝ ተፋሰስ የሚኖረው ዕብነ በረድ ትራውት ለዚህ ምስክር ነው። ለአስጋሪዎች ደስታ ከውጭ መጥቶ የተለቀቀው ቡናማ ትራውት ከነባሩ ጋር ተዳቅሎ ዋናውን ወንዝ ሞላው፤ ንጹሕ ዘር የተረፈው ዲቃላው ሊወጣ ባልቻለባቸው፣ በፏፏቴና በመሰል መሰናክል በተዘጉ ጥቂት ጅረቶች ብቻ ነው። እነዚያ ታጋቾች እያንዳንዳቸው በዘር የደኸዩ ናቸው፣ እርስ በርሳቸው ግን እጅግ ይለያያሉ። አንዱ ቢጠፋ ከሌላው የሚተካው ምንም የለም።

መለኪያው ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የጸደቀው የኩንሚንግ-ሞንትሪያል የብዝኀ ሕይወት ማዕቀፍ አገሮች በዝርያዎች ውስጥ ያለውን የዘረመል ብዝኀነት እንዲጠብቁ ይጠይቃል፤ ከመለኪያዎቹ አንዱም በዘር ሚዛን ወላጆቻቸው ከ500 በላይ የሆኑ መንጋዎች ድርሻ ነው። ለምርመራው የክንፍ ቁራጭ ይበቃል፤ ዓሣውም በሕይወት ወደ ውኃው ይመለሳል። ጫጩት የሚለቅ ማንኛውም ተቋም ቢያንስ የወላጆቹን ቁጥርና የመጡበትን ወንዝ ከጫጩቶቹ ብዛት ጎን እንዲያትም መገደድ አለበት።

ዘር ካልጠፋ ምን ሊሆን እንደሚችል በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የኤልዋ ወንዝ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1913 የተጠናቀቀው ግድብ ዓሣ የሚያልፍበት መሰላል አልነበረውም፤ በ1927 ሁለተኛ ተጨመረበት። ወደ ባሕር ይወርዱና በበጋ ተመልሰው ይወጡ የነበሩት ስቲልሄዶች መንገዱ ተዘጋባቸው። ዘመዶቻቸው ቀስተ ደመና ትራውቶች ግን ባሕር ሳያዩ ከግድቡ በላይ እየተዋለዱ ቀሩ። ግድቦቹ ከ2011 እስከ 2014 ድረስ ፈረሱ። ብዙም ሳይቆይ በበጋ የሚወጡት ስቲልሄዶች በላይኛው ወንዝ ታዩ። ሲመረመር፣ ቀድሞ የመውጣትን ጠባይ የሚወስነው ዘረመል በታገቱት ትራውቶች ውስጥ ያን ሁሉ ዘመን ሳይጠፋ ቆይቶ ነበር።