ዳንቴል የለበሰው ዊንዶውስ

በአዲስ አበባ ብዙ ሳሎኖች ውስጥ ከቡፌው ጎን፣ የቤቱ እመቤት በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል ለብሶ የሚቀመጥ አንጋፋ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለ። እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉ ይስተካከላል፣ አቧራው ይጠረጋል፣ ልጆችም ጠጋ እንዳይሉ ይገሠጻሉ። ይህ ሁሉ ክብር ለሣጥኑ ሲሰጥ፣ በውስጡ የሚሠራው ዊንዶውስ 7 ከአምራቹ ያገኘው የነበረው ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. መቋረጡን ለቤተሰቡ ያረዳ ሰው ግን የለም። መርዶ ነጋሪ ቢገኝ እንኳ የሚያምነው አያገኝም፤ ጠዋት ቁልፉን ሲጫኑት የሚነሣ፣ ዘፈን የሚያሰማና የዛሬ ስንት ዓመት የተደረገውን ሠርግ ቪዲዮ ሳይታክት የሚያሳይ ማሽን አበቃለት ቢባል ማን ይቀበላል?

በእርግጥም አላበቃለትም። ድጋፉ ተቋረጠ ማለት ማሽኑ ይቆማል ማለት ሳይሆን፣ ከዚያ ወዲህ የሚገኙ የደኅንነት ቀዳዳዎች ለቤት ተጠቃሚ አይደፈኑለትም ማለት ነው። ይህን ለማስረዳት የሞከረ ጎረቤት ወይም የወንድም ልጅ የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው፤ «እኔ ምን አለኝና ነው ሌባ የሚመጣብኝ?» ይባላል። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያመሰው «ዋናክራይ» የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ግን የማንንም ሀብት አላጣራም። ከማሽን ወደ ማሽን በራሱ እየተዛመተ ሰነዶችን ቆለፈ፤ ለመክፈቻም በቢትኮይን የሚከፈል 300 ዶላር ጠየቀ። የሚያስቀው ደግሞ ከተጠቁት አብዛኞቹ በጊዜው ድጋፍ ያልተቋረጠበትን ዊንዶውስ 7 የሚጠቀሙ መሆናቸው፣ መከላከያውም ሁለት ወር ያህል አስቀድሞ በነጻ መለቀቁ ነው፤ የጎደለው የሚጭነው ሰው ብቻ ነበር።

በእኛ ቤት አፕዴት የሚዘጋበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ፓኬጅ ይበላል የሚለው ሲሆን፣ እርሱ እንኳ በኪስ አቅም ይመካኛል። ሁለተኛው ግን ገዝተን ያላገኘነው ዊንዶውስ በአፕዴት ሰበብ ማንነቱ እንዳይታወቅበት መፍራታችን ነው። አንዴ ከታወቀበት የስክሪኑ ጀርባ ይጠቁርና በቀኝ በኩል ከታች 7601 ከሚለው ቁጥር ጋር «ይህ ቅጂ ትክክለኛ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ይቀመጣል። ይህንንም ቢሆን ቤተሰቡ ቶሎ ይለምደዋል፤ ቁጥሩን የማሽኑ ታርጋ አድርገው የሚያዩ አባወራዎች አይታጡም።

ማሽኑ ሲዘገይ የሚታዘዝለት ባህላዊ ሕክምናም አለ። በመጀመሪያ ማውሱን በቀኝ ተጭኖ «ሪፍሬሽ» ማለት፣ ካልተሻለው ደጋግሞ ማለት፣ አሁንም ካልተሻለው ቁጣ እየቀላቀሉ ማለት ነው። ሪፍሬሽ በስክሪኑ ላይ የሚታዩትን ምልክቶች እንደገና ከማሳየት በቀር ፍጥነት እንደማይጨምር ቢነገርም የሚተወው የለም። ከዚያ የሰፈሩ ባለሙያ ይጠራና ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ፎርማት መደረግ አለበት» ይላል። ከፎርማት በፊት ዳንቴሉን ከአየር ማስገቢያው ላይ ማንሣትና በማራገቢያው ላይ የተጋገረውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ማስለቀቅ ብዙ ጊዜ ችግሩን ያቃልላል፤ ገንዘብ ካለ ደግሞ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ ኤስኤስዲ በሚባለው፣ የሚሽከረከር አካል በሌለው ፈጣን ማከማቻ መለወጥ ከማንኛውም ወጪ የበለጠ ለውጥ ያሳያል። አንቲቫይረስ ላይ አንቲቫይረስ መደረብ ግን ይቅር፤ ሁለቱ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ማሽኑ ለባለቤቱ የሚተርፍ አቅም አይኖረውም።

የፍላሽ ነገር ከቴክኒክ ይልቅ ይሉኝታ ነው። የባለቤትዎ አጎት ከፎቶ ኮፒ ቤት የመጣ ፍላሽ ይዘው ሲገቡ «ቫይረስ ሊኖርበት ይችላል» ማለት በዘር ላይ እንደ መናገር ይቆጠራል፤ ስለዚህ «መሰኪያው ተበላሽቷል» የምትለው ትንሽ ውሸት ይቅር የምትባል ይመስለኛል። ውሸቱ ካልሠራና አቃፊዎቹ ሁሉ ትንሽ ቀስት አውጥተው ሾርትከት ከሆኑ፣ እነርሱን አለመጫን ነው። ሰነዶቹ በአብዛኛው ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም፤ የተደበቁና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ ቢደረግ ይገኛሉ። ባለሙያው ግን አሁንም ፎርማት ይላል።

ቀኑ በየማለዳው ወደ 2009 የሚመለስ ማሽን ሲያጋጥም፣ አንድ አዋቂ ተነሥቶ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሥራት ጀመረ» ማለቱ አይቀርም። ያለቀው በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ሲአር 2032 የተባለው ሳንቲም የሚያህል ባትሪ ነው። እርሱ እስኪለወጥ ድረስ ብዙ ድረ ገጾች አይከፈቱም፤ የደኅንነት ሰርተፍኬታቸው በማሽኑ ሰዓት ገና ስላልተወለደ ነው። ቤተሰቡ ኔትወርኩን ሲረግም የሚውለው በከንቱ ነው።

ይህን ማሽን መተው የሚከብድበት አንድ የምር ምክንያት ግን አለ፤ እርሱም ፓወር ግዕዝ የተባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። የዕድሩ ጸሐፊ የመተዳደሪያ ደንቡን፣ የአባላቱን ዝርዝርና የውዝፍ መዋጮውን የጻፉት በድሮው ፎንት በመሆኑ፣ ሰነዱ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ ውዝፍ ያለባቸው አባላትም በዚህ እምብዛም አያዝኑም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚግባቡበት የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ስለዚህ ማሽኑ በሕይወት ሳለ ሰነዱን ወደ ዩኒኮድ ማስለወጥ፣ ቅጂውንም ከአንድ በላይ ቦታ ማስቀመጥ የጸሐፊው ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ከዚያ በኋላ አንጋፋው የሚችለውን ብቻ ይሥራ፤ ይጻፍበት፣ ዘፈን ይሰማበት፣ ሠርጉም ይታይበት። ጉግል ክሮም በዊንዶውስ 7 ላይ ከ109ኛው እትም በኋላ ስለማይታደስ የባንክ ጉዳይ አይግባበት። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ እንዲህ ያለውን ሽማግሌ ከደጅ ይመልሰዋል፤ ዊንዶውስ 10 እንኳ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት ነጻ ነው፣ ታርጋም አያወጣም፤ የቤተሰቡን «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ለመቻል ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ቁራሌው ሲጠራ ደግሞ አስቀድሞ ሃርድ ዲስኩን ማውጣት ነው። በዴሊት የጠፋ የሚመስለው የፓስፖርት ኮፒ፣ የዲቪ ፎቶና የዕድሩ ውዝፍ ዝርዝር ሙያው ላለው ሰው ከውስጡ ሊወጣ ይችላል። ቁራሌው ሣጥኑን ነቅነቅ አድርጎ «ይሄማ ሆዱ ባዶ ነው» ብሎ ዋጋውን ይቀንሳል፤ ይቀንስ፣ ዳንቴሉን ግን በምርቃት እንዳይወስድ።