ጌዲን በጥድፊያ አትዩት

በኬንያ ጠረፍ ስለሚደረገው የዋታሙና የጌዲ የአንድ ቀን ጉብኝት የጻፋችሁትን ወድጄዋለሁ። ጌዲን በአንድ አንቀጽ ማለፋችሁ ግን አልተዋጠልኝም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነዋሪዎቹ ጥለውት የሄዱ የስዋሂሊ ከተማ እኮ ነው! ቤተ መንግሥቱም መስጊዱም የተገነቡት በኮራል ድንጋይ ነው። በቁፋሮ የቻይና ሸክላ ሳይቀር ወጥቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ዩኔስኮ መዘገበው። ጥሩ አስጎብኚ ካልያዛችሁ የምታዩት የፈረሰ ግድግዳና ግድግዳውን አንቆ የያዘ የዛፍ ሥር ብቻ ነው። ጦጣዎቹ ዓይን አውጣ ናቸው፤ ሙዝ ይዛችሁ እንዳትገቡ!

ዋታሙ አጠገብ ስላለው የባሕር ወሽመጥ «ሚዳ ክሪክ ከሰዓት በኋላ ሂዱ» ያላችሁት ምክር ሁልጊዜ አይሠራም። እዚያ ሰዓቱን የሚወስነው ባሕሩ ነው፣ ሹፌሩ አይደለም። ውሃው ሲሸሽ በማንግሮቩ (በጨው ውሃ ዳር የሚበቅለው ዛፍ) ሥር ጭቃው ላይ ሸርጣን ይርመሰመሳል፤ ወፎቹም ለቀማ ይወርዳሉ። ውሃው ሲሞላ ይሄ ሁሉ የለም።

አጠገቡ ያለውን የአራቡኮ ሶኮኬ ደን ለምን ዘለላችሁት? አፍንጫዋ እንደ ኩምቢ የረዘመ፣ ከኋላዋ ወርቃማ የሆነች ትንሽዬ እንስሳ አለች፤ እሷን ለማየት ማልዶ መነሳት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ለጉብኝቱ የጠቀሳችሁት ዋጋ የመግቢያ ክፍያን ይጨምራል?