ውዳሴ ጭለጣ

ተኪላ አጠጣጥ የሚያውቅ ሕዝብ ካስፈለገ ከኛ ወዲያ ላሳር። ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ቅዳሜ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ግድም አሜሪካ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ፣ ወይም አዲስ አበባ ቦሌ ካሉት የሐበሻ ክለቦች አንዱ ይግባና ጥግ ይዞ ይመልከት። ሴክሽን፣ ማለትም ለብቻው የተከለለ ጠረጴዛ፣ የያዘው ልጅ ጠርሙስ ያወርዳል። ጠርሙሱ ታዲያ ብቻውን አይመጣም፤ አንገቱ ላይ ርችት ታስሮ፣ አስተናጋጆች ግራና ቀኝ አጅበውት፣ ዲጄው ዘፈኑን ቆርጦ የከፋዩን ስም እየጠራ ነው የሚመጣው። ስልክ ሁሉ ከኪስ ይወጣል። ባለ ልደቱ ጠርሙሱን እንደ ክርስትና ልጅ አቅፎ ወደ ግራ ፎቶ፣ ወደ ቀኝ ፎቶ፣ ከአጎቱ ልጅ ጋር ፎቶ፣ ስሟን ከማያውቃት ልጅ ጋር ፎቶ።

ከዚያ ጨው በእጅ ጀርባ፣ ሎሚ በሁለት ጣት፣ "አንድ! ሁለት! ሦስት!" ጭልጥ። ፊት ይኮማተራል፣ አንድ ዓይን ይጨፈናል፣ ትከሻ ያለ ከበሮ አንዴ ይንዘፈዘፋል፣ ሎሚው ይነከሳል። አለቀ። ሥነ ሥርዓቱ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ መጠጡ አፍ ውስጥ የሚቆየው ዓይን እስኪርገበገብ ነው። እሱንም ከፊት ጨው፣ ከኋላ ሎሚ አጅበው ስለሚያሳልፉት ምላስ መልኩን እንኳ አያየውም።

ይህን ጥበብ የሚተች እንጂ የሚያመሰግን እስካሁን አልሰማሁም። ስለዚህ ዛሬ እኔ ተነሥቻለሁ።

የጥበባችን ታላቅነት የሚገባው ሜክሲኮዎች የሚያደርጉትን ላየ ነው። ሃሊስኮ በሚባለው ግዛት፣ ተኪላ የምትባለዋ ከተማ ባለችበት አገር፣ ካባዪቶ በሚሏት ጠባብ ብርጭቆ ይቀዳና ሽማግሌው ፊት ይቀመጣል። አጠገቡ በሌላ ብርጭቆ ሳንግሪታ ይቀርባል፤ ከብርቱካን ወይም ከቲማቲም ጭማቂና ከቃሪያ የሚሠራ ቀይ ማወራረጃ ነው። ሽማግሌው ፉት ይላል። ያስቀምጣል። ስለ ዝናብ ያወራል፣ ስለ ልጁ ያወራል፣ እንደገና ፉት ይላል። አንዷን ብርጭቆ ይዞ አመሸ ማለት ነው። ርችት የለ፣ ቪዲዮ የለ። እንዲህ ያለ ሰው እኛ ሴክሽን ቢቀመጥ "ምነው፣ አንቲባዮቲክ ጀመርክ እንዴ?" ተብሎ ይጠየቃል።

የሽማግሌው መንቀርፈፍ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። መጠጡ ስንት ዓመት እንደፈጀ ስለሚያውቅ አንጀቱ አልችል ይለዋል። ተኪላ የሚሠራበት ሰማያዊ አጋቬ ቁልቋል ይመስላል እንጂ ቁልቋል አይደለም፤ የኛ ቃጫ የቅርብ ዘመድ ነው። ለመቆረጥ ስድስት ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መሬት ላይ መቆም አለበት። ሂማዶር የሚሉት ቆራጭ ኮአ በተባለ ክብ ስለት ቅጠሉን መልምሎ ከመሐል ግንዱን ያወጣል፤ 40 እና 50 ኪሎ የሚመዝን ብዙ ነው። የቆየውን ሥርዓት ያልተዉት ቤቶች ግንዱን ፈልጠው በጡብ ምድጃ ውስጥ በእንፋሎት ከአንድ ቀን በላይ ያበስሉታል። ከዚያ ይጨመቃል፣ ይብላላል፣ ሁለት ጊዜም ይወጣል፤ አረቄ አውጪዎቻችን ዳግም የሚሉት ዓይነት መሆኑ ነው። እንግዲህ ሌላው ሰባት ዓመት የለፋበትን ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ቅልጥፍና ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ይባስ ብለው ደግሞ ያወዳድራሉ። ከአንድ ቤት የወጡ ሦስት ብርጭቆ ተኪላዎች ደርድረው አንዱን ከአንዱ ሲለዩ ያመሻሉ። የመጀመሪያው ብላንኮ ነው፤ በርሜል ያላየው ወይም ለጥቂት ሳምንት ብቻ ያየው፣ እንደ ውኃ ነጩ። ነገሩን እናውቃለን የሚሉት ሰዎች አንድን ተኪላ ቤት የሚፈትኑት በዚህ ነው። የእንጨት ሽታ ስለማይሸፍነው የበሰለው አጋቬ፣ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ የሚለው ነገር፣ የሎሚ ልጣጩ፣ እርጥብ ሣሩ ሁሉ ይሰማል ይላሉ። ከባሕር ጠለል ወደ 2 ሺህ ሜትር ከሚጠጋው ከሎስ አልቶስ ቀይ አፈር የበቀለው ወደ ጣፋጭነትና ወደ አበባ ሽታ ያደላል፣ ከተኪላ ሸለቆ የመጣው ደግሞ ወደ ቅጠልና ወደ በርበሬ ነው ብለው ይከራከራሉም። እኛ ግን ብልጦች ነን። ነጭ ተኪላ ያዘዘ ሰው ጠርሙስ ማውረድ እንዳቃተው ስለምናውቅ ቀለም የሌለውን አናስጠጋም።

ቀለሙ የሚመጣው ከበርሜል ነው። ቢያንስ ሁለት ወር የተቀመጠው ሬፖሳዶ ይባላል። ዓመት ከሞላው፣ በርሜሉም ከ600 ሊትር ካልበለጠ አኜሆ ይሆናል። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየው ኤክስትራ አኜሆ ነው፤ ይህ ማዕረግ የተፈጠረው ገና እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በርሜሎቹ ብዙ ጊዜ አሜሪካኖች ቦርበን የሚሉትን ውስኪያቸውን ያስቀመጡባቸው ስለሆኑ ቫኒላና የተቃጠለ ስኳር ይጨምሩበታል፤ በጣም ሲቆይ ግን እንጨቱ አጋቬውን ይውጠውና ውስኪ ውስኪ ይላል። "የቆየ ሁሉ ይበልጣል ማለት አይደለም" የሚሉት ለዚህ ነው። ይህን የሚሉት እንግዲህ ዶን ሁሊዮ 1942 የሚል ጠርሙስ ፊታቸው ቆሞ ነው!

እዚህ ላይ ለሕዝባችን የታሪክ ዕውቀት ያለኝን አክብሮት ልግለጽ። ያ እንደ አጋቬ ቅጠል የቀጠነው ረጅም ቡናማ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቆም ከመሐል አንድ አዋቂ አይጠፋም። "ይሄ ከ1942 ጀምሮ በርሜል ውስጥ የነበረ ነው" ይላል። ሌላው በጣቱ ቆጥሮ "በኛ 34 መሆኑ ነው፤ ጃንሆይ ከስደት በተመለሱ በዓመቱ!" ይላል። ጠረጴዛው በአግራሞት ዝም ይላል። ዓመቱ ዶን ሁሊዮ ጎንሳሌስ ተኪላ ማውጣት የጀመሩበት ነው፤ መጠጡ ለዚያው 60ኛ ዓመት መታሰቢያ በ2002 የወጣ ነው፤ በርሜል ውስጥ የሚቆየውም ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ነው ብሎ የሚያርም ካለ ጨዋነት ያልዞረበት ነው። ሱቅ ውስጥ ራሱ ውድ የሆነውን፣ ክለብ ውስጥ ደግሞ የዚያን እጥፍ ድርብ የተከፈለበትን ነገር ዕድሜ መቀነስ ከፋዩን መዝረፍ አይደለም ወይ?

የሚገርመኝ ይህ ሰው ምላስ የሌለው እንዳይመስላችሁ። ጠጅ ቤት ውሰዱት። ብርሌውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ያያል። አንዴ ይጎነጭና አፉ ውስጥ ያዞረዋል። "ጌሾው በዝቷል" ይላል። "ይሄ ማር አይደለም፤ ስኳር ነው የጣላችሁበት። ደረቁን አምጪልኝ" ይላል፤ አሳላፊዋም አንገቷን ደፍታ ትቀይርለታለች። የደብረ ብርሃን አረቄ ነው ብለህ የሌላ አገር ብትሰጠው በሽታው ያውቅብሃል። ይህን የመሰለ ምላስ ግን ክለብ በር ላይ ከካፖርቱ ጋር አስረክቦ ነው የሚገባው። ስለዚህ ጠጅ ላይ ስኳር ያልማረው ሰው፣ ተኪላው ላይ "100 በመቶ አጋቬ" የሚል ጽሑፍ ከሌለ ከሚፈላው ስኳር እስከ 49 በመቶው ከአጋቬ ውጭ ሊሆን እንደሚችል ቢነገረው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ሎሚውን ያነሣል። የሜክሲኮ ደንብ እስከ 1 በመቶ የሚደርስ ማለስለሻና ማቅለሚያ፣ የተቃጠለ ስኳር፣ የባሉጥ እንጨት ጭማቂ፣ ግሊሰሪን፣ ሽሮፕ መጨመር ይፈቅዳል፤ ጠርሙሱ ላይ ይጻፍ የሚል ግዴታም የለም። ሁሉም ይጨምራል ማለት አይደለም። የሚጨምረው ግን ገበያውን አውቆ ነው፤ እኛ ለተኪላ ያለን ምስጋና አንድ ብቻ መሆኑን ደርሶበታል፦ "ስሙዝ ነው!"

ሰነፍና ሥራ ፈት የሆነ፣ ማወዳደርን ካልሞከርኩ የሚል ካለ ቤቱ፣ መጋረጃውን ዘግቶ፣ ከወዳጅ ዓይን ተሰውሮ ይሞክር። ከአንድ ቤት የወጡ ብላንኮ፣ ሬፖሳዶና አኜሆ ይግዛ። በረዶ አያስገባ። ጥቂት ጥቂት ይቅዳና ከነጩ ይጀምር፤ ቫኒላውን አስቀድሞ ከጠጣ ነጩ አይሰማውም። አፍንጫውን ብርጭቆው ውስጥ አይንከር፤ ያቃጥለዋል። ፉት ብሎ አፉ ውስጥ ያሰንብተው፣ ከዋጠ በኋላ በአፍንጫው ያስተንፍስ። ብላንኮውን ጠብታ መዳፉ ላይ አሽቶ አልኮሉ ሲበን ቢያሸተው የበሰለ ጣፋጭ ነገር ሽታ ይቀርለታል። ይህን ሲያደርግ ሚስቱ ብትደርስበት እጄን እየታጠብኩ ነው ይበል።

አደራ የምለው ከጠርሙሱ ጀርባ ያለችውን አራት አሃዝ ቁጥር እንዳያነብ ነው። ኖም ይሏታል፤ ተኪላው በየትኛው ፋብሪካ እንደወጣ የምትናገር ቁጥር ናት። አንዱ ፋብሪካ ለብዙ ስም ስለሚያወጣ፣ "የኔ ይበልጣል፣ ያንተ ቆሻሻ ነው" ተባብለው የተኳረፉ ሁለት ጓደኛሞች ጠርሙሶቻቸውን ቢያዞሩ አንድ ቁጥር ሊያገኙ ይችላሉ። ጠብን ያህል ነገር በአራት አሃዝ ማፍረስ ተገቢ አይደለም።

ጥበባችን ደግሞ በጭለጣ ብቻ አልቆመም። ፍራንክፈርት ያሉ ወገኖቻችን ከጀርመኖቹ ተምረው ወርቃማውን በቀረፋና በብርቱካን ያወራርዱታል፤ እሱም ምላስን በመከላከል ረገድ የሚናቅ አይደለም። የዓለም ቅርስ መሆን የሚገባው ግን የሠርጉ ነው። ዩኔስኮ የተኪላን አጋቬ ማሳዎችና አሮጌ ማውጫ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2006 መዝግቧቸዋል፤ የኛን የተኪላ ጉርሻ ለምን እንደዘለለው አይገባኝም። ሚዜው ጠርሙሱን በአንገቱ አንቆ ወንበር ላይ ይወጣል። ሰልፍ ይያዛል፣ አፍ ይከፈታል፣ ከላይ ይንቆረቆራል። "በቃኝ!" "በሞቴ!" "ነገ ሥራ አለኝ!" "አፈር ስሆን፣ አንዷን ብቻ!" ነጠላቸውን ያጣፉ እትዬ ለመባረክ ብለው ሲጠጉ እንኳ አይታለፉም። ግማሹ ከረባት ላይ፣ ሩቡ ሜዳ ላይ፣ የቀረው ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። ሠርገኛው የጠጣው ሬፖሳዶ ይሁን አኜሆ ሊያውቅ የሚችለው ልብስ አጣቢው ብቻ ነው።

ሜክሲኮዎችም ቀስ በቀስ የኛ መንገድ እየገባቸው ነው። ክሪስታሊኖ የሚባል አምጥተዋል። በርሜል ውስጥ ዓመትና ከዚያ በላይ ያስቀምጡትና ቀለሙን ከገዛው በኋላ በከሰል አጣርተው እንደገና ነጭ ያደርጉታል። ከቀለሙ ጋር በርሜሉ ከሰጠው ጣዕምም ጥቂት ይሄዳል ብለው የሚቆጩ አሉ። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ መጠጡን ገና ጠርሙስ ሳይገባ ዕድሜውን አጥቦ ቢልክልን፣ እኛ ጨውና ሎሚ የምናወጣውን ወጪ ቀነሰልን እንጂ ምን በደለ?

ጠርሙሱን በተመለከተ ግን ማንም አይስተካከለንም። ክላሴ አሱል የሚባለውን ሬፖሳዶ ታውቁታላችሁ፤ ነጭ የሸክላ ጠርሙስ ነው፣ ሰማያዊ ሥዕሉ አንድ በአንድ በእጅ የተሣለ፣ ክዳኑ ደወል የሚመስል። በብዙ የሐበሻ ቤት ከቡፌው ላይ፣ ከስኒዎቹና ከባዶው የብሉ ሌብል ውስኪ ካርቶን መሐል ቆሞ ታገኙታላችሁ። ውስጡ በአንድ ልደት ማታ አልቋል፤ እሱ ግን አቧራው እየተጠረገለት ይኖራል። አንድ ወዳጄ ቤት እናቱ ሚስቱን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ መጡ። ከሥራ ሲገባ ጠርሙሱ ከቡፌው ወርዶ ምድጃው አጠገብ ቆሟል፤ ዘይት ተሞልቶበታል።

"እማዬ! ይሄ እኮ ባዶውን እንኳ ኦንላይን ይሸጣል!"

"ታዲያ ባዶውን ምን ልታደርገው ነው? ዘይት አያንጠባጥብም፣ ጥሩ ዕቃ ነው። ክዳኑን ለሕፃኑ ሰጥቼዋለሁ፤ ሲያቃጭሉለት ዝም ይላል።" ሽንኩርታቸውን እያማሰሉ ትንሽ አሰቡና፣ "ለመሆኑ ይሄን ሁሉ ብር ያወጣህበት መጠጥ ምን ምን ይል ነበር?" አሉት።

ወዳጄ ጣራ ጣራውን አየ።

"ስሙዝ ነው" አላቸው።