ማስተካከያ፦ የገልፍ ሙቀትና የማታ ሩጫ

ስለ ገልፍ አገሮች ሙቀት በቀደመው ጽሑፍ «ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ውጭ መሮጥ ችግር የለውም» ተብሎ የወጣው ይስተካከል። ፀሐይዋ ብትጠልቅም ወበቁ አይለቅም። አየሩ እርጥበት ሲሞላ ላብ አይተንም፤ ቲሸርቱን ሰውነት ላይ አጣብቆ ይንጠባጠባል እንጂ አያቀዘቅዝም።

የ2019ኙን የዶሃ ዓለም ሻምፒዮና አስታውሱ። የሴቶች ማራቶን የተጀመረው እኩለ ሌሊት ገደማ ነበር። ሙቀቱ ግን ከ30 ዲግሪ በላይ። ከ68 ሯጮች የጨረሱት 40 ብቻ ናቸው። ሦስቱም የኛ ልጆች አቋርጠዋል። እነሱ እንኳ!

ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ የእርጥበቱንም መጠን እዩ። ካዞራችሁ ወይም በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ ሩጫው ይቅር። በቀደመው ጽሑፍ ጂም ውስጥ ትሬድሚል ላይ ስለ መሮጥ የተጻፈው ግን አልተለወጠም፤ እንዳለ ነው።