ይግባኜ ለማን እንደተመራ ገምቱ እስቲ

ኧረ ወገን አሁን ከዛ ቢሮ መውጣቴ ነው፣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለሆነ ፊደል ብስት እለፉኝ። ደጄ ላይ ተቆፍሮ እስካሁን ያልተደፈነውን የቦዩን ነገር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የማታውቁት ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ ይቅርባችሁ።

ዛሬ 47ኛ ቀኔ ነው። የጠየቅኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ የቦዩን ውል ኮፒ እና ሥራው ያልቃል የተባለበትን ቀን። ይሄን ለመጠየቅ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ መዝገብ ቤት አስገባሁ፣ ገቢ ቁጥር ተሰጠኝ፣ ኮፒዬ ላይ ማህተም አስመታሁ (እሱንም «ለምንድነው ኮፒሽ ላይ የሚመታው?» ተብዬ ተከራክሬ ነው)። ከዛ ጠበቅኩ። ሰኞ ነይ፣ ሐሙስ ነይ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ፊልድ ወጥተዋል፣ ተመርቷል ግን አልወረደም። «አልወረደም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እስከዛሬ አልገባኝም፣ ሕንፃው እኮ ባለ ሁለት ፎቅ ነው፣ ወረቀቱ በደረጃ ቢንከባለል እንኳን በ5 ደቂቃ ይደርሳል።

30 ቀን ሲሞላ መልስ የለም። በ33ኛው ቀን ለበላይ ኃላፊው ይግባኝ አስገባሁ። የመረጃ ነፃነት አዋጁ እንደዛ ነው የሚለው፣ መጀመሪያ የሕዝብ ግንኙነቱን ትጠይቂያለሽ፣ እሱ ከከለከለሽ ወይም ዝም ካለሽ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ከዛ ለእንባ ጠባቂ፣ ከዛ ፍርድ ቤት። እኔም ደረጃውን ጠብቄ፣ ጨዋ ሆኜ፣ «በታላቅ አክብሮት» ብዬ ጨረስኩት። ይግባኙ ያ ሕዝብ ግንኙነት የተባለው ሰውዬ መልስ አልሰጠኝም የሚል ነው፣ በቃ ሌላ ምንም የለበትም።

ዛሬ ጸሐፊዋ ጋ ሄድኩ። «ያንቺማ ተመርቷል» አለችኝ። ደስ አለኝ! ሞኝ አይደለሁ። «ለማን?» አልኳት።

«ለሕዝብ ግንኙነት።»

ኃላፊው ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ተገቢው ምላሽ ይሰጣት» ብሎ ጽፎ መልሶ ለራሱ ለሰውየው መርቶታል። የአይጥ ምስክር ድንቢጥ ሲባል እሰማ ነበር፣ እዚህ ጭራሽ ዳኛዋም ድመቷ ናት።

ወረድኩ። ቢሮው ውስጥ ሌላ አምስት ስድስት ሰው ተቀምጧል። ገና በሩን ስከፍት «ነይ ግቢ፣ ከሳሼ መጣች!» አለ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ይግባኜ ጠረጴዛው ላይ ነው። መነጽሩን አደረገና ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላቸው ጀመር፣ እንደ ዜና አንባቢ!

«'በተደጋጋሚ ብመላለስም ምላሽ ባለማግኘቴ'... እህቴ፣ እኔ ነኝ ምላሽ ያልሰጠሁሽ? አሁን እያናገርኩሽ አይደለም እንዴ?»

«በጽሑፍ ማለቴ ነው።»

«ከልክዬሻለሁ?»

«አልሰጡኝማ።»

«አልሰጠሁሽም ሌላ፣ ከለከልኩሽ ሌላ። እምቢ ብያለሁ? እምቢ ያልኩበትን ወረቀት አሳዪኝ።»

«ወረቀት ስላልሰጡኝ እኮ ነው ይግባኝ ያልኩት!»

«እኮ! ካልከለከልኩሽ በምኑ ላይ ነው ይግባኝ የምትይው?»

ሰዉ ሳቀ። አንዱማ ፋይሉን ታቅፎ ከኔ በላይ ሲንገላታ የዋለ የሚመስል ሽማግሌ «ይሄ ይሄማ ልክ ነው» አለ። ከሁሉም እሱ ነው ያቃጠለኝ። አባቴ፣ የርስዎንም ፋይል እንዲህ አድርጎ ነው እኮ የሚጫወትበት!

ዝም አላልኩም። «30 ቀን ካለፈ እንደተከለከልኩ ነው የሚቆጠረው፣ አዋጁ ላይ አለ» አልኩት። መነጽሩን አወለቀ። «አዋጁን የምናስፈጽመው እኛ ነን እንጂ አንቺ አይደለሽም» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ይቺን በደንብ ስሙልኝ፣ «ለማንኛውም የይግባኝሽን መልስ ረቂቁን እኔ አዘጋጅቼ ለኃላፊው አቀርባለሁ፣ ሐሙስ ነይ።»

እኔ ስለሱ ላቀረብኩት ይግባኝ መልሱን የሚያረቀው እሱ። ይህን ሲል እኮ አላፈረም! እንደውም የዋለልኝ ውለታ ነው የመሰለው!

እሺ ሕጉን ላውራ ትንሽ፣ ምክንያቱም ባለፈው አንዷ ጓደኛዬ «እንደዚህ አይነት ሕግ እኛ ሀገር አለ እንዴ?» ብላ ደንግጣብኛለች። አለ። ሕገ መንግሥቱ ራሱ፣ የ87ቱ፣ አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፣ አንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የመፈለግና የማግኘት ነፃነትን ያስቀምጣል። ይሄ እኔ የምለው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ፣ አዋጅ 590፣ በ2000 ዓ.ም. ወጣ። በ2013 የሚዲያው ክፍል በአዋጅ 1238 ሲተካ የመረጃው ክፍል እንዳለ ነው የቀረው። እና አዋጁ የሚለው «ማንኛውም ሰው» ነው። ጋዜጠኛ አይልም፣ ጠበቃ አይልም፣ የድጋፍ ደብዳቤ ያለው አይልም። እኔ ግን የመጀመሪያ ቀን ምን ተባልኩ? «ጋዜጠኛ ነሽ?» አይደለሁም። «ከየትኛው መሥሪያ ቤት ተልከሽ ነው?» ከየትም፣ ነዋሪ ነኝ። «ነዋሪማ አቤቱታ ነው የሚያቀርበው፣ መረጃ ለምን ይጠይቃል?» ማልቀስ ይፈቀድልኛል፣ ማወቅ ግን አይፈቀድልኝም ማለት ነው እንግዲህ።

ስዊድኖች ይሄን ሕግ በፈረንጆቹ 1766 ነው ያወጡት። እኛ ጎንደር ላይ ዐፄ ኢዮአስ በነገሡበት ጊዜ። ይሄን ያነበብኩት እዛው ቢሮ በር ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ በስልኬ ነው፣ ከፊቴ ግድግዳው ላይ ደግሞ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፣ «ዕሴቶቻችን» ይላል፣ ተራ ቁጥር አንድ ግልጽነት። በቃሌ ይዤዋለሁ ማለት ይቻላል፣ ፈተና ቢኖር ደፍነዋለሁ። ከሥሩ የአስተያየት መስጫ ሳጥን አለ፣ ቁልፉ አቧራ ለብሷል።

አውቃለሁ፣ የማይሰጥ መረጃም አለ። አዋጁ ራሱ ይዘረዝራል፣ የአገር ደህንነት፣ የሌላ ሰው የግል ጉዳይ፣ የንግድ ምስጢር ምናምን። እሺ ከነዚህ በአንዱ ከለከልንሽ በሉኛ! የቦይ ጥልቀት የአገር ደህንነት ነው ብላችሁ ጻፉልኝና ፈርሙበት፣ በፍሬም አድርጌ ሳሎን ነው የምሰቅለው። ግን አይጽፉም። ለምን መሰላችሁ፣ እምቢታ እኮ ሥራ ነው፣ ምክንያት ይጻፍበታል፣ ወጪ ቁጥር ይወጣለታል፣ ስም ከነፊርማው ይቀመጥበታል፣ ነገ ፍርድ ቤት ሲሄድ «ይሄን ማን ፈረመ?» ይባላል። ዝምታ ግን ፈራሚ የለውም። «እያየነው ነው» ያለ ሰው በምን ይጠየቃል? እኔ ይሄን ለመረዳት 47 ቀን ፈጀብኝ፣ ሰውየው ግን ሥራ የጀመረ ቀን ሳይገባው አልቀረም።

ደግሞ የምጠይቀው ሁሉ እንደ ክስ መታየቱ! ውሉን አሳዩኝ ስል «ማን በላው?» ያልኩ ይመስላቸዋል። እኔ ማንም በላ አላልኩም፣ እኔ መቼ ነው በሬ ላይ ያለው ጉድጓድ የሚደፈነው ነው ያልኩት! አሁን ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንዲህ ሲሸሹ ሳይ እኔም መጠርጠር ጀምሬያለሁ። ውሉን በሦስተኛው ቀን ቢሰጡኝ እኮ አንብቤ እንኳን አልጨርሰውም ነበር።

አምና ትዝ ይላችኋል፣ ሥራ ተፈትኜ ወድቀሻል ሲሉኝ ስንት አመጣሁ ብዬ ስጠይቅ «ውጤት ምስጢር ነው» ያሉኝ? የራሴ ውጤት! ከማን ነው የሚደበቀው፣ ከኔ? የአባቴ ጡረታ ጊዜ ደግሞ ፋይሉ ስለጠፋ የቅጥር ደብዳቤውን አምጡ ተባልን፣ እነሱ የጣሉትን እኛ ከሳጥን ሥር ስንፈልግ ሁለት ወር። አባቴ ደጉ ሰውዬ ይቅርታ ጠየቃቸው እኮ፣ «አስቸገርኳችሁ» ብሎ። ዛሬ በሩን ዘግቼ ስወጣ እኔስ ምን ያልኩ ይመስላችኋል? «እሺ፣ አመሰግናለሁ።» አመሰግናለሁ!! ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ታክሲው ውስጥ እሱን እያሰብኩ ነው የምበግነው፣ ሰውየውንማ ረስቼዋለሁ (አልረሳሁትም)።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ሰው ፈልጊ» ልትሉኝ ነው። ፈልጌያለሁ፣ አልዋሽም። አንዱ የሚያውቅ ሰው «ውሉን በቴሌግራም ላስልክልሽ እችላለሁ፣ ግን ከማን አገኘሽው እንዳትይ» አለኝ። በአዋጅ ሲጠየቅ የሌለ ወረቀት በዘመድ ሲጠየቅ በቴሌግራም ይመጣል። ሳልቀበለው ቀረሁ፣ ለምን እንደሆነ እኔም እንጃ፣ እልህ ይሆናል። እናቴ ስትሰማ «አንቺ ልጅ ጉድጓዱን ትፈልጊያለሽ ወይስ ወረቀቱን?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት።

ቀጣዩ እንባ ጠባቂ ነው። እንባዬን ቆጥቤ ይዤዋለሁ። ግን እዛ ስሄድ የኃላፊው መልስ የሚባል ነገር ሊኖረኝ ይገባል ወይስ እሱንም 30 ቀን ዝም እስኪለኝ ልጠብቅ የምታውቁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ፣ «በርቺ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፣ በርትቼ ነው እኮ እዚህ የደረስኩት።

እና ሐሙስ ጠዋት ነፃ የሆነ ሰው ካለ ኢንቦክስ አድርጉኝ። መናገር አይጠበቅባችሁም፣ አጠገቤ መቀመጥ ብቻ ነው። ረቂቁንም ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበቡ አይቀርም፣ ያን ጊዜ የማይስቅ አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ እንዲኖር ነው።