ትንሽ ነገር ብቻ ናት

ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሳትጠየቅ የምታስረዳው አንድ ነገር አላት። "የሞቱ አይደሉም" ትላለች ቡፌው ውስጥ የተደረደሩትን ላፕቶፖች በአገጯ እያሳየች፤ "ማለቴ፣ እሱ ነው እንደሱ የሚለው።" ቡፌው የሠርጋችን ስጦታ ነው። ሲሠራ ለብርጭቆና ለሲኒ ታስቦ ነበር። አሁን ሲኒው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ተጨናንቆ ተቀምጧል፤ መሀሉን 11 ላፕቶፖች ይዘውታል፤ ታችኛው መሳቢያ ደግሞ የቻርጀር ገመድ ነው፣ አንዱን ስትስብ አምስቱ ተከትለው የሚወጡበት። አልጋ ሥር ያሉትን አራት ዴስክቶፖች ለጊዜው አንቁጠራቸው። እሷም ሁለቱን ብቻ ነው የምታውቀው።

አዎ፣ አሮጌ ኮምፒዩተር እሰበስባለሁ። እጠግናለሁም። ሰው አሮጌ ቮልስ ገዝቶ ሲያድስ "ጎበዝ! ቅርስ ነው" ይባላል፤ ሰፈሩ በሙሉ እየቆመ ይመርቀዋል። የ20 ዓመት ላፕቶፕ ይዞ የመጣ ሰው ሲያዩ ግን እናቱን ነው የሚጠይቋት። እናቴ ተጠይቃለች። "ኮምፒዩተር ተምሮ ነው" አለች አሉ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የቤተሰብ በሽታ እንደሚነገረው።

ነገሩ የጀመረኝ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አጎቴ ከዋሽንግተን ዴስክቶፕ ይዞ መጣ። ያኔ ኮምፒዩተር ቤት ገባ ማለት ሙሽራ ገባች ማለት ነበር። ትምህርት ቤትም ቢሆን ኮምፒዩተር ክፍል የምንገባው ጫማ አውልቀን ነው፤ እግራችንና ማሽኑ ምን እንደሚያገናኛቸው የነገረን አልነበረም፣ አውልቁ ተባልን አወለቅን። እናቴ የሞኒተሩን ዳንቴል ማሽኑ ሳይመጣ በፊት ሠርታ ጨርሳለች። ጎረቤት ተጠራ። ቡና ተፈላ። አጎቴ ሶኬቱን ሰካና ቁልፉን ተጫነ።

ጧ!

ከጀርባው ነጭ ጭስ ወጣ። አያቴ "እኔ ቀድሜ ተናግሬያለሁ" አለች። ምን እንደተናገረች እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ የአሜሪካው ደግሞ 110 እና 120 አካባቢ። የዚያን ዘመን ዴስክቶፕ ከጀርባው ፓወር ሰፕላዩ (መብራቱን ተቀብሎ ለማሽኑ የሚያከፋፍለው ክፍል) ላይ ትንሽ ቀይ የቮልት መቀያየሪያ ነበረችው፤ ወይ 115 ወይ 230 ታደርጋታለህ። ከአሜሪካ የመጣው 115 ላይ ነው። በጥፍር ገፋ ቢያደርጋት ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ ቡናውን በሰላም ጠጥቶ ይሄድ ነበር። የተቃጠለው ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ነው፣ ሌላው ደህና ነበር፣ ይህን ያወቅሁት ግን ከዓመታት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ማሽኑ ዳንቴሉን ለብሶ ሳሎን ቆመ፣ እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉ ገለጥ ይደረግና "ይሄ ከአሜሪካ የመጣ ነው" ይባላል፣ እንግዳውም "ፐ!" ይላል፣ ተመልሶ ይሸፈናል። አብራልኝ ያለ አንድም እንግዳ አልነበረም።

አሁን ዕቃ የማገኘው ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ ቆራሌው ነው። በራችን ላይ ሲደርስ ጩኸቱን ቀንሶ ያንኳኳል፣ ደንበኛ ነኝ። ሁለተኛው መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው። እዚያ ከአንድ ነጋዴ ጋር የምናደርገው ንግግር ላለፉት ዓመታት ቃል አልተቀየረበትም።

"ይሠራል?"

"ሁሉ ነገሩ ይሠራል።"

"እስቲ አብራው።"

"ቻርጀር የለውም።"

"በባትሪውስ?"

"ባትሪው ደከም ብሏል። ትንሽ ነገር ብቻ ናት እንጂ ዕቃው እኮ ኦርጅናል ነው!"

ቤት ወስጄ ስከፍተው ራም፣ ጊዜያዊ ማስታወሻው፣ የለም። ፋይል የሚቀመጥበት ሀርድ ዲስክ የለም። አንዱ ውስጥ እንዲያውም ፋኑ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ የደረቀ በረሮ አግኝቻለሁ፣ በቅንነት ካየነው ለማናፈስ ሞክሮ የሞተ ይመስላል። ግን በነጋዴው አልፈርድም። ሊፍት የሌለውን ስምንተኛ ፎቅ "ትንሽ ነገር ብቻ ናት የቀረችው" ተብለን የተረከብን ሕዝብ ነን። ሁለት ዓመት የታጨችውን የአክስቴን ልጅ ሠርግ ያዘገየውም፣ እጮኛዋ እንደሚለው፣ ትንሽ ነገር ብቻ ናት።

ከሁሉም የምወደው ቲንክፓድ የሚባለውን ላፕቶፕ ነው። የአሜሪካው አይቢኤም የመጀመሪያዎቹን በ1992 እ.ኤ.አ. አወጣ። ጥቁር፣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ፣ ኪቦርዱ መሀል ቀይ ጉብታ ያለችበት። መልኩ የተወሰደው ከጃፓኖች የምሳ ዕቃ ነው ይባላል፤ ልጄ ይህን ከነገርኳት ወዲህ "አባዬ፣ ምሳ ዕቃህ ጮኸ" ትለኛለች። በ2005 እ.ኤ.አ. የቻይናው ሌኖቮ የአይቢኤምን የኮምፒዩተር ክፍል ሲገዛ ሰብሳቢዎች ለሁለት ተከፈሉ፣ "ከዚያ በፊት" እና "ከዚያ በኋላ" እየተባባልን እንደ ፖለቲከኛ እንከራከራለን። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ብዙዎቹ ኪቦርዳቸው ሥር ፈሳሽ የሚወርድበት ቀዳዳ አላቸው። ቡና ቢደፋበት በሆዱ በኩል ያፈስሰዋል። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ለሚፈላበት አገር ማን እንዳሰበልን አላውቅም፣ ተባረክ።

ጥገናውን ሰው እንደ ቀዶ ጥገና ነው የሚያስበው። ግማሹ ላጲስ ነው፣ የእውነት ላጲስ። ኮምፒዩተሩ ሲበራ ምስል ሳያሳይ "ቲት፣ ቲት" እያለ ከጮኸ ብዙ ጊዜ የራሙ ወርቅማ ጥርሶች ቆሽሸዋል፤ ነቅለህ በላጲስ ታሻቸዋለህ፣ ትመልሳለህ፣ ይነሳል። የልጄ የሒሳብ ደብተር ለምን ስርዝ በስርዝ እንደሆነ አስተማሪዋ ጠይቃናለች፤ ደህና ደህናውን ላጲስ እኔ ነኝ የምጨርሰው። ችግሩ ይሄን ጥበብ ሰው ፊት ማድረግ አይቻልም። አንዴ ጎረቤቴ እትዬ ቆመው ሲያዩ ላፕቶፓቸውን በላጲስ አስነሳሁላቸው። "በቃ?" አሉ። በቃ አልኳቸው። "በላጲስማ እኔስ አልሠራውም!" ብለው ቅር ብሏቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በሦስት ደቂቃ ያለቀውን ሥራ ሦስት ቀን አቆየዋለሁ። ሰው ደስ ብሎት ይወስዳል። ክፍያው ያው ነው፣ "እግዜር ይስጥልኝ"፤ ትንሽ ቆየት ካለ ደግሞ "እግዜር ይስጥልኝ፣ አደከምኩህ።"

የእድራችን ኮምፒዩተር የመጣልኝ በዚህ ዝናዬ ነው።

ፔንቲየም 4 ነው፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ፣ ማይክሮሶፍት በ2014 እ.ኤ.አ. ተዝካሩን አውጥቶ የረሳው። እድሩ ሲገዛውም ሰልባጅ ነበር። የእድሩ ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጡ ጥንቁቅ ሰው፣ እንደ ታቦት በነጠላ ሸፍነው ነው ያመጡት። "ምንም አላለም፣ ዝም ብሎ አልነሳ አለ። ትንሽ ነገር ሳትሆን አትቀርም" አሉኝ።

ከፈትኩት። በሽታው ወዲያው ታየ። ከ1999 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከተሠሩት ማዘርቦርዶች (ሁሉ ነገር የሚሰካባቸው ዋና ሰሌዳዎች) ብዙዎቹ መጥፎ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ጣሳ መሰል ዕቃ፣ ነበረባቸው፤ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በትክክል አልተቀመመም፣ ሲቆይ ጋዝ ይፈጥርና አናታቸውን ይነፋዋል። የእድሩ ማሽን ላይ ስድስቱ እንደ ድፎ ዳቦ ኩፍ ብለዋል። ካውያዬን አሞቅሁ፣ ነቀልኩ፣ ከሌላ ሬሳ ላይ ደህና ደህናውን አምጥቼ በስታኞ በየዳኩ። ተነሳ!

ሲነሳ ግን ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ቆመ፤ ለመቀጠል ኤፍ 1ን ተጫን ይላል። ጸሐፊው ከኋላዬ እጃቸውን ዘርግተው ቀጭ አደረጓት። "ይሄ ሰላምታው ነው" አሉኝ። ኪቦርዱን ሳየው ከሁሉም ቁልፎች ኤፍ 1 ብቻ ጽሑፏ ጠፍቷል።

ሰላምታው አልነበረም። ማዘርቦርድ ላይ ሲአር 2032 የምትባል ክብ ባትሪ አለች፣ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 3 ቮልት። ኮምፒዩተሩ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱን የምትቆጥርለት እሷ ናት። እሷ ስትሞት ማሽኑ በበራ ቁጥር ዘመኑን ይረሳና ወደ ተሠራበት ጊዜ ይመለሳል። የእድሩ ኮምፒዩተር በየቀኑ የሚነቃው ጃንዋሪ 1 ቀን 2002 ላይ ነበር።

እጄን በሰበሰብኩ ኖሮ! "ከመጣ አይቀር" ብዬ አዲስ ባትሪ ገዝቼ አስገባሁ። ቀኑንም አስተካከልኩ። ነጠላውን አልብሰን ሸኘነው።

እሑድ ጠዋት የእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ሰው ተሰብስቦ ይጮሃል። የውዝፍ ዝርዝር ተለጥፏል። ከ200 አባል 199ኙ ተቀጥተዋል፣ ትንሹ ቅጣት 920 ብር። እትዬ፣ የላጲሷ፣ "እኔ ዛሬ ጠዋት በእጄ ከፍዬ! ደረሰኙ ይኸው መቀነቴ ውስጥ!" እያሉ ይሳደባሉ። ዝርዝሩ ላይ የ92 ወር ውዝፍ አለባቸው። ነፃ የወጣ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መጨረሻ የከፈለው ጳጉሜ ላይ ነው።

ማሽኑ ፊት ቁጭ አልኩ። ከዓመታት በፊት የሰፈር ልጅ ኤክሴል ላይ ፎርሙላ ሠርቶ በሳምንቱ ካናዳ ሄዷል። ፎርሙላው የኮምፒዩተሩን የዛሬ ቀን ይወስድና አባሉ የከፈለበትን ቀን ይቀንስበታል፣ ለእያንዳንዱ ወር 10 ብር ይቀጣል። ጸሐፊው ደግሞ ቀኑን የሚጽፉት እንደ ማንኛችንም በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ኅዳር 2018፣ በቁጥር 3/2018። ኮምፒዩተሩ የሚያስበው ኖቬምበር 2025፣ 11/2025። መሀላቸው 7 ዓመት ከ8 ወር፣ ልክ 92 ወር። ጳጉሜን ደግሞ ፈረንጁ ፕሮግራም ከነጭራሹ አያውቃትም፣ 13ኛ ወር ሲያይ ግራ ገብቶት መቀጣቱን ተወው።

ባትሪው ሞቶ በነበረበት ጊዜስ? ያኔማ "ዛሬ" 2002 ነው፣ ሰዉ የከፈለው 2018። ከዜሮ በታች ስለሚሆን ባዶ ይተወዋል። በዚህ ማሽን አንድም ሰው ተቀጥቶ አያውቅም። ሊቀመንበሩ በየጠቅላላ ጉባኤው ተነስተው "ውዝፍ የሌለበት እድር በአዲስ አበባ የእኛ ብቻ ነው" ሲሉ የምናጨበጭበው በዚህች በሞተች ባትሪ ነበር።

"ይስተካከላል" አልኩ። የዛሬን ቀን በእኛ አቆጣጠር በእጅ አስገባሁ። 20 ደቂቃ አልፈጀም። 92ቷ ወር ከሁሉም ላይ ረገፈች። እትዬ ንጹሕ ሆኑ። እልልታ ሊሆን ሲል ግን የቀረው ዝርዝር ወጣ፣ እውነተኛው። ሊቀመንበሩ 31 ወር። ጸሐፊው 4። 43 አባወራ ከስድስት ወር በላይ። ከ43ቱ አንዱ እኔ ነኝ፣ 14 ወር። በእድራችን ደንብ ደግሞ ከስድስት ወር በላይ ውዝፍ ያለበት ሰው ድንኳን አይተከልለትም።

ዝም ተባለ። ሊቀመንበሩ በሩን ገርበብ አደረጉና አጠገቤ ወንበር ሳቡ።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር ድሮ እንዴት ነበር የሚሠራው?"

"ጋሼ፣ ድሮማ አይሠራም ነበር።"

"እሱን ማለቴ ነው" አሉኝ።

ጸሐፊውን አየኋቸው። ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። የራሴን 14 ወር አሰብኩ፤ ዘንድሮ ጉንፋኑም ከባድ ነው።

"ትንሽ ነገር ብቻ ናት" አልኳቸው። ፎርሙላውን እንደነበረ መለስኩት። ሽፋኑን በካቻቢቴ ፈትቼ ባትሪዋን በጥፍሬ አነሳኋት፣ ኪሴ ከተትኳት፣ ዘጋሁት። ሶኬቱ ተሰካ። ጥቁሩ ስክሪን መጣ፣ ማስጠንቀቂያውን ጻፈ፣ ጸሐፊው ሳያነቡ ኤፍ 1ን ቀጭ አደረጓት።